የታደሰ ሠላሳ ሰባት ነጥብ

አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን አየህ?» ዋይት ሀውስን በመኪና መስኮት፣ ያውም በጎኑ በኩል አየሁት። ስለ አንድ ረጅም ሐውልትም ነግረውኝ ነበር፤ አየሁት መሰለኝ፣ ወይም ሌላ ሐውልት ነበር። ዕድሜ ልኬን ስፖርት ያስተማርኩ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝና፣ ከቆመ ድንጋይ ይልቅ የሚሮጥ ሰው ማየት ይሻለኛል። የሄድኩትም ለጉብኝት ሳይሆን አንድ ደብተር ለማድረስ ነው። ጠያቂው ስለበዛብኝ ለሁሉም በየተራ ከማወራ የሆነውን ከቀን ቀን እንዲህ ጻፍኩት።

ታደሰ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ እሱ ኮከብ ነበር፣ እኔ ደግሞ የተቀያሪዎች ተቀያሪ። ሜዳ እንደማልገባ ሲታወቅ እርሳስና ደብተር ተሰጠኝና ነጥብ መዝጋቢ ሆንኩ። በመጨረሻው ዓመት፣ ከሐረር በኩል ከመጣ ቡድን ጋር በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ ታደሰ ብቻውን ሠላሳ ሰባት ነጥብ አስቆጥሯል። ይህን ያላወራበት ሠርግ፣ ያላወራበት ለቅሶ የለም። ልጁ ዮናስ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲወስደውም ወሬውን ይዞ ሄደ።

የዮናስ ልጅ ሊድያ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። አሌክሳንድሪያ በኩል ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች አያቷ ጨዋታዋን ሊያይ ሄደና፣ ሲመለሱ መኪና ውስጥ «በእኛ ዘመን ብትሆኚ አሥር ደቂቃ አትቆዪም» አላት። እሷም «ፕሩቭ ኢት» አለችው፤ አረጋግጥ እንደ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ፈልጋ አጥታው ነበርና። ታደሰ እኔ ዘንድ ያለው የነጥብ ደብተር መጥቶ ካልታየ በቀር ሜዳዋን እንደማይረግጥ ማለ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሲውል ሲያድር ቀልዱ ጠፋና ቅያሜው ብቻ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታዋን አላየም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ በስድስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ ደወለልኝ።

«መርሻ፣ ልጅቷ ልትጨርስ ነው። የካቲት ላይ የመጨረሻ ጨዋታዋ ነው። የዚያን ቀን ተመራቂዎቹ ከቤተሰባቸው ጋር ሜዳ ይገባሉ። ከእኔ ጋር መግባት ትፈልጋለች። ደብተሩን ይዘህ ና።»

«በሰው ብልከውስ?»

«አንተስ? የጻፍከው አንተ አይደለህም? ምስክር እያለ ደብተር ብቻውን ይላካል?»

ቲኬቱን ዮናስ ቆረጠ። ቪዛውን እንዴት እንዳገኘሁ ብጽፍ ሌላ ደብተር ይሞላል።

የመነሳቴ ዋዜማ ደብተሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ያን ጨዋታ ፈልጌ ገለጥኩ። «ታደሰ» ይላል፤ በትይዩው «፳፫» ይላል። ያኔ ቁጥሩን በግዕዝ መጻፍ እወድ ነበር። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ። ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ደመርኩ። ሃያ ሦስት። ጽሕፈቱ የራሴ ነው። ጓደኛዬ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አሥራ አራት ነጥብ ከኪሱ ሲጨምር ኖሯል ማለት ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ደብተሩን ረሳሁት ብል ልጅቷ አሸነፈች፤ ይዤው ብሄድም ልጅቷ አሸነፈች። በሽፋኑ ላይ የዮናስን ስልክ ጻፍኩና ከሻንጣው ሥር፣ ከሹራቤ በታች ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቀን

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ደለስ የሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሻንጣ የሚዞርበት ቦታ ላይ ቆምን። እንዳይጠፋብኝ ብዬ በሻንጣዬ እጀታ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ አስሬ ነበር። ለካስ አብሮኝ የመጣው ሰው ሁሉ እንደኔ ብልህ ኖሯል። ጥቁር ሻንጣ ባለ ጥብጣብ፣ ሌላ ጥቁር ሻንጣ ባለ ጥብጣብ፤ ሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። አንዱን አነሳሁና ወጣሁ።

ዮናስ ጉንጬን ስሞኝ ሻንጣውን ተቀበለኝ። «ጋሼ መርሻ፣ እንኳን ደህና መጡ! ፍላይቱ አልከበደዎትም? እስከ ከነገ ወዲያ ኦፍ ነኝ፣ እንደፈለጉ ነው የምንሆነው።» መንገዱ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰው ጥሩምባ አይነፋም። እኛ ዘንድ ቢሆን ያን ያህል መኪና በአንድ ላይ ሄዶ ዝም አይባልም።

ታደሰ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከርዝመቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። አንገቴን አቅፎ ከሳመኝ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ «ደብተሩስ?» ሆነ። ሻንጣው ሳሎን መሀል ተከፈተ። በርበሬ። ከበርበሬው ሥር ምጥን ሽሮ። ከሽሮው ሥር ድርቆሽ፣ ሁለት የሕፃን የሐበሻ ቀሚስ። የታደሰ ፊት ሲጠቁር አየሁ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደብተሩ ጠፍቶ ቢቀር ሁለቱም ክብራቸውን ይዘው ይኖራሉ አልኩ በልቤ።

ሁለተኛው ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቶቹ አጥር የላቸውም። ጎረቤት የጎረቤቱን ሣር እያየ ይኖራል፤ ዘበኛ የለ፣ ውሻ የለ። በረዶው በመንገድ ዳር ተጠርጎ እንደ ተከመረ ጨው ቆሟል። ታደሰ የዮናስን ካፖርት አልብሶኝ መሀል ከተማው ድረስ በእግር ወሰደኝ። አማርኛ የተጻፈባቸው ሱቆች አንድ ሁለት እያልኩ ስቆጥር ደከመኝና ተውኩት።

አንድ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት ገባን። ጥግ ላይ አራት አምስት ታክሲ የሚነዱና ፓርኪንግ የሚሠሩ ሰዎች ክትፎ ከበው ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ይጨቃጨቃሉ። እኛ አገር ስለ እግር ኳስ እንደሚደረገው ነው።

«የድሮዎቹ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውተው ነው የሚወጡት» ይላል አንዱ። «የአሁኖቹ አንድ ሲዝን ይጫወቱና ወደ ፕሮ፣ ወደ ገንዘቡ፣ ይበራሉ። እንዴት አድርገህ ነው ኮምፔር የምታደርጋቸው?»

«ድሮ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረማ! ከሩቅ ብትመታም ሁለት፣ ከቅርብም ሁለት» ይላል ሌላው።

«የድሮውን ማን ያየዋል? ቪዲዮ የለ፣ ምን የለ። ዝም ብሎ ወሬ ነው።»

ታደሰ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ጎትቶ ገባበት። «እኔ በሲሚንቶ ሜዳ፣ በሸራ ጫማ፣ በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ሰባት አግብቻለሁ። ወሬ አይደለም፤ መዝጋቢው ይኸው። መርሻ፣ ስንት ነጥብ ነው?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ደብተሩ ሲመጣ ይናገራል» አልኩ። ታደሰ ገረመመኝ። እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት የዮናስ ስልክ ጮኸ። ሎረል ከሚባል ከተማ የደወሉ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሻንጣዬን የወሰዱት እሳቸው ኖረዋል። ሲከፍቱት የሽማግሌ ሹራብና ደብተር ሲያገኙ ደንግጠው፣ ስልኩን ከሽፋኑ ላይ አንብበው ደወሉ። ያን ስልክ የጻፍኩበትን እጄን ረገምኩት።

ሎረል በዮናስ መኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወይዘሮ አስካለ በርበሬያቸውን ሲያዩ ልጅ ከሞት እንደ ተረፈላቸው እልል አሉ። ሻንጣ ተለዋውጠን ልንወጣ ስንል ግን በሩን ዘጉት። «ምን ሲደረግ! እህል ሳይቀምሱ ከቤቴ አይወጡም። የአገር ሰው ከአገር መጥቶ?» ዶሮው ቀድሞ ተሠርቷል፤ እንደማይለቁን ከመጀመሪያውም ወስነዋል ማለት ነው። በልተን ስንጨርስ ድገሙ፣ ስንደግም አንድ ጉርሻ። እኔ በአገሬ ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል አድርጌ አውቃለሁ ወይ ብዬ አፈርኩ።

«አይቀየሙኝና ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ» አሉኝ ቡናቸውን እየጠጡ። «ምኑም አልገባኝ፤ ቁጥርና ነጠብጣብ ብቻ ነው። የምን ደብተር ነው?»

ታደሰ የልጅ ልጁን ጨዋታ፣ መሐላውን፣ ሠላሳ ሰባቱን፣ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸውም አዝነው ሰሙት። «እንግዲህ ከጨዋታው በኋላ ደውላችሁ ስንት እንዳገባች ካልነገራችሁኝ እቀየማችኋለሁ» ብለው አንድ እሽግ በርበሬ አስይዘው ሸኙን።

ታደሰ ደብተሩን በመንገድ ላይ አልከፈተውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞት ሄደ። «ከእሷ ጋር ነው የምከፍተው» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የራሱን ጀርባ አያለሁ። መኪናውን አስቁሜ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

አራተኛው ቀን

ሊድያ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ከሁለት የቡድን ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው አፓርትመንት ነው። ዮናስ ሥራ ከመግባቱ በፊት ወሰደን። ትልቁን ድልድይ ስንሻገር ወንዙ ከሥራችን ተዘርግቶ አየሁ፤ የኛ ወንዞች እንዲህ ቀስ ብለው አይሄዱም።

በሩን የከፈተችልን ልጅ ቁመቷ ከታደሰ እኩል ነው። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። «እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ መርሻ» አለች፤ ተለማምዳው እንደ ነበር ያስታውቃል። አያቷን ሳመችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ግን እንደ እንግዳ ሰዎች ነው። ፒዛ አቀረበችልን፤ እኔ የላዩን በልቼ ጠርዙን ተውኩት።

ታደሰ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይኸው» አለ። «አረጋግጥ ብለሽኝ ነበር።»

ገጹን እኔ ገለጥኩላቸው። ሊድያ ጣቷን ስሙ ላይ አሳርፋ ወደ ጎን ሄደች። የግዕዝ ቁጥር አታነብም፤ ወደኔ ቀና አለች። ልዋሽላት እችል ነበር። በሕይወቴ ከዚያ በላይ የከበደኝ ንባብ የለም።

«ሃያ ሦስት» አልኩ።

ታደሰ ደብተሩን ሳበው። አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እየደመረ ነው። «መርሻ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ውሸት አላወራሁም። ሠላሳ ሰባት ነው። አንተ ራስህ ነህ ያልከኝ።» ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

ልጅቷ አሸነፍኩ አላለችም። አልሳቀችም። እጇን አያቷ እጅ ላይ አድርጋ ደብተሩን ወደ ራሷ መለሰችው። «ዌይት፣ አባባ። ቆይ።» አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ጎነበሰች። «ጋሼ መርሻ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ምንድን ናቸው? ከስሙ በታች ያሉት።»

አየኋቸው። ቤቴ ሳለሁ እርሳስ የሞከርኩበት ወይም ዝንብ ያረፈበት መስሎኝ አልፌያቸው ነበር። «ነጥብ ናቸዋ» አልኳት።

«ፖይንትስ? አሁን ሃያ ሦስት አላሉም?»

«አይ፣ ነጥብ ማለቴ... ነጥብ። በእርሳስ ጫፍ የምትደረግ ነጥብ።»

ይህን ስናገር ነው ሁሉም ነገር የመጣልኝ። አሠልጣኛችን የሒሳብ መምህራችን የነበሩ ህንዳዊ ነበሩ። «መርሻ፣ ቅርጫት ውስጥ ያስገባውን ሁሉም ሰው ያያል፤ ኳሷን ያቀበለውን ግን ማንም አያይም። አንተ እይልኝ» ብለውኝ፣ ያቀበለው ኳስ ለተቆጠረለት ሰው ከስሙ በታች አንድ ነጥብ እንዳደርግ አዘዙኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ አደረግሁ። ያን ቀን ፊሽካው ሲነፋ ተማሪው ታደሰን በትከሻው ተሸክሞ «ስንት ነጥብ? ስንት ነጥብ?» ይላል። እኔም በዚያ ጩኸት መሀል በስሙ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ፣ ቁጥሩንም ነጥቡንም ደምሬ «ሠላሳ ሰባት ነጥብ!» ብዬ ጮህኩ። ማታ ቅርጫቶቹን ብቻ ደምሬ «፳፫» ስጽፍ የጮህኩትን ረስቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ይህን ስነግራቸው ሊድያ ነጥቦቹን በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አራት። ሃያ ሦስትና አሥራ አራት። ታደሰ አንድም አልጨመረም።

«ኦ ማይ ጋድ» አለችና ከወንበሯ ተነሳች። «አባባ፣ አሥራ አራት አሲስት! ባንድ ጨዋታ! አንተ ፖይንት ጋርድ ነበርክ፣ አቀባይ፣ እንደ እኔ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«ማቀበልህን!»

«ማቀበል ደግሞ ይወራል እንዴ?» አለ ታደሰ ግራ ገብቶት።

«የኔ ቤስት እኮ አሥራ አንድ ነው!» አለች። በአራት ዓመት ውስጥ በኮሌጇ የእሷን ያህል ኳስ ያቀበለች ተጫዋች እንደሌለች ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ታደሰ አራት ዓመት ሙሉ ስንት እንዳገባች ብቻ ሲጠይቅ፣ ጥቂት እንደሆነ ሲነገረው ደግሞ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። አሁን ቀና ብሎ አያት። «ተደፍቼ ልሙት» አለ በመጨረሻ፤ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ሰላሙ የቆየው አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ተከፈተና እስኪመሽ አላባራም። እሱ ሲሚንቶውን፣ ሸራ ጫማውን፣ ዝናብ ሲመጣ ሜዳውን በመጥረጊያ መጥረጉን ይቆጥራል። እሷ አራት ዓመቷን፣ የተከላካዮቹን ቁመት፣ የጉልበቷን ኦፕሬሽን ትቆጥራለች። እሱ አንድ ትልቅ ቀን አለው፣ እሷ ብዙ ደህና ቀኖች አሏት። እኔን ሲጠይቁኝ መዝጋቢ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም አልኩ።

አምስተኛው ቀን

ጨዋታው ቀን ላይ ነበር። አዳራሹ እንጨት ወለል ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል፣ ዝናብ አይገባው፣ አቧራ አይነካው። ታደሰ ሲገባ ወለሉን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገውና «በዚህ ላይማ ማን አይጫወትም!» አለ። ከትናንቱ ክርክር በኋላ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ከረባት አስሮ መጥቷል።

ጋዜጠኛ የሚመስል ሰው በማይክራፎን ተጫዋቾቹን ይጠራል። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የሊድያም መጨረሻ ስም በአባቷ ፓስፖርት ላይ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው ነው። እኔም ታደሰም ይህን አላሰብነውም። ሰውየው ድምፁን ጎትቶ «ታ-ደ-ሰ!» ሲል ታደሰ ከጎኔ «አቤት!» ብሎ ብድግ አለ። ዙሪያችን ያለው ሰው ዞሮ አየው። መሀል ሜዳ ላይ ልጅቷ ሮጣ ወጣች፤ በጀርባዋ ላይ በትልልቅ ፊደል የእሱ ስም። አዳራሹ ስሙን እየጠራ ያጨበጭባል። ኮሌጃችን ከጠራው በላይ ጠራው። ታደሰ ቁጭ ማለት አቃተው፤ እንባው በከረባቱ ላይ ወረደ፤ እኔም እንዲቀመጥ አልነገርኩትም። ብዙም ሳይቆይ ዮናስ መጥቶ ይዞት ወረደ፤ ሊድያ በአንድ ክንዷ አባቷን፣ በሌላው አያቷን ይዛ ሜዳውን አቋረጠች። ካየሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

እኔ ግን ሥራ ነበረኝ። ከዋንጫው ጨዋታ ቀጥሎ ያለው ገጽ ሃምሳ ዓመት ባዶውን ተቀምጧል። መስመሩን አሰመርኩ። በስም ቦታ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ትንሽ አመነታሁና እንደ አገሩ ደንብ «ታደሰ» ብዬ ጻፍኩ። ስታስገባ ቁጥር፣ ስታቀብል ነጥብ። ዓይኔ ፈዟል፣ ጨዋታውም ከእኛው ይፈጥናል፤ ግን ታደሰ ተመልሶ ከጎኔ ተቀምጦ «አቀበለች! ጻፍ! አቀበለች!» እያለ በክርኑ ሲጎስመኝ አንዷም አላመለጠችኝም። አሸነፉ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ሊድያ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ደወሉ፤ ዮናስ እየነዳ ስልኩን ሁላችን እንድንሰማው አድርጎ ከፈተው።

«እህሳ፣ ልጃችን ስንት ነጥብ አገባች?»

«ሃያ አንድ ነጥብ!» አለ ታደሰ ከፊት ወንበር፣ መስኮቱ እስኪነዝር።

«አባባ፣ ኖ» አለች ሊድያ እየሳቀች። «ዘጠኝ ነው ያገባሁት፣ ናይን...» ከዚያ ቆም አለች። ጉልበቴ ላይ የተከፈተውን ደብተር አየችው። ከስሟ ሥር ያሉትን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

«መዝጋቢው ይናገር እንጂ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አቶ መርሻ፣ እውነት ነው?»

ልጅቷ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ታደሰም ዞሯል።

«ሃያ አንድ ነው» አልኩ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።»